የሐሙስ ዜሮ

ኢልሃም ሚኒባሱ ውስጥ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ከሰባት ወር በፊት እንዲህ ያለ ወሬ ያወራ ሰው ኡኬ ውስጥ ቢገኝ መንደርተኛው በሳቅ ይንከተከት ነበር። የሃሩን ልጅ፣ ያቺ እሳት የረገጠች፣ አፏ መዝጊያ የሌለው የዘጠኝ ዓመት ጉድ፣ ከኡኬ እስከ ነቀምቴ ዝም! ድሮ ቢሆን መኪናው ከመነሣቱ በፊት የሾፌሩን እናት ስም ጠይቃ፣ የረዳቱን የካልሲ ቀዳዳ ለተሳፋሪው ሁሉ አሳይታ፣ ከጎኗ የተቀመጡትን አዛውንት «ጥርስዎን ማን ወሰደብዎት?» ብላ ጨርሳ ነበር። ዛሬ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ በመስኮት ታያለች።

«ማሻአላህ! እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፤ ያሳድግልሽ» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ።

«አሚን» አለች እናቷ ሲቲ። ፌስታሏንም ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ሲቲ በያዘችው ፌስታል ውስጥ የሰባት ወር ወረቀት አለ። ዛሬ የግምገማ ቀን ነው። ነቀምቴ ባኬ ጃማ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ልጆችን የምታክመው ፌኔት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ታያለች። ልጅቱ ተሻሽላለች ካለች ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤው ካለ ኢልሃም ሦስተኛ ክፍል ትገባለች፤ ከሌለ ደግሞ ርእሰ መምህሩ ቁርጡን ተናግረዋል፦ «ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል እሷን ብቻ የሚይዝ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

ወረቀቶቹ ለደብዳቤው ይበቃሉ፤ እንዲያውም ይተርፋሉ። ሲቲን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጣት ያደረውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ወረቀቶቹ ላይ ያልሰፈረ ነገር አለ፤ እንዳይሰፍር ያደረገችውም ራሷ ናት።

መጀመሪያ ጊዜ ኢልሃምን ይዛ ስትሄድ ሲቲ የጠበቀችው መርፌ ወይም ክኒን ነበር። ሼሁ ዘንድ ወስዳታለች፤ አልሆነም። አለንጋም ተሞክሯል፤ እሱ ጭራሽ የባሰ ነበር። ፌኔት ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ከልጅቱ ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ ስትጫወት ቆየችና ሕመሙን በስሙ ጠራችው፦ የትኩረት ማጣትና የቅብጥብጥነት ችግር። «ባለጌ አይደለችም፤ አስተዳደግሽም አይደለም። ሐሳቧ ከእሷ ቀድሞ ይሮጣል፤ እኛ ማቆሚያውን እናስተምራታለን» አለቻት። ሲቲ ያን ቀን ስታለቅስ ዋለች። ለዘጠኝ ዓመት ጎረቤቱም አማቱም «ልጅ አሳደግሁ ብለሽ» ሲሏት ኖራ፣ አንድ ሰው «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

ሕክምናው ቀላል ይመስላል። ኢልሃም ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ መናገር ካማራት እጇን የእናቷ ክንድ ላይ አድርጋ ተራዋን ትጠብቃለች። ከጠበቀች ኮከብ ይለጠፍላታል። ሲቲ ደግሞ ማታ ማታ ቅጹን ትሞላለች፦ ዛሬ ስንት ጊዜ ሥራዋን ሳትጨርስ ተነሣች፣ ስንት ጊዜ ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ ገባች። ፌኔት ደጋግማ ያስጠነቀቀቻት አንድ ነገር ነበር፦ «ያየሽውን ጻፊ። ቁጥሩ ቢበዛ አልቆጣሽም። ካልጻፍሽልኝ ግን እኔም ዕውር ነኝ።»

ሲቲም ጻፈች። የመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሦስት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት። በሁለተኛው ወር ዘጠኝ፣ ሰባት። ልጅቱ እጇን ክንዷ ላይ አድርጋ፣ ጉንጮቿ በተያዘ ወሬ ተወጥረው፣ እግሮቿ እየጨፈሩ ስትጠብቅ ማየት ሲቲን በሳቅ ይገድላት ነበር። ተራዋ ሲደርስማ! ወሬው እንደ ተከፈተ ቧንቧ ነው። እነዚያ ሁለት ወራት የሲቲ ደጉ ዘመን ነበሩ።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ።

የሃሩን አባት አያ ቢረሳው ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች መካከል በሽምግልና የታወቁ ናቸው። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ቤት ይቀመጣል። ያን ቀን ጉዳዩ የድንበር ነበር፤ የኋላሸት የሚባል ገበሬ «ጎረቤቴ አምባዬ ማሳዬን ገፋብኝ» ብሎ ከስሶ። አያ ቢረሳው ግራና ቀኙን ሰምተው፣ ጢማቸውን ዳብሰው፣ ለማንም እንደማያደሉ በአላህ ምለው፣ «ድንበሩ አልተነካም» ሲሉ ኢልሃም በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇን የምታኖርበት ክንድ አጠገቧ አልነበረም።

«አባባ፣ ትናንት ለአባዬ ‹አምባዬ እውነትም ገፍቷል፤ ግን ዘመድ ስለሆነ እንሸፍንለት› ብለኸው የለ?»

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ይህኛው ብስል ነበር፤ ጉዱም እሱ ነው፤ ጥሬ ቢሆን ሰው ስቆ ያልፈው ነበር። የኋላሸት ጋቢውን አራግፎ ተነሣ። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። ለስድስት ሳምንት ያህል የአያ ቢረሳውን ደጅ የረገጠ ባለጉዳይ አልነበረም። ያ ደርባባ ሽማግሌ በአንድ ወር ውስጥ ጎበጠ።

አያ ቢረሳው ልጅቱን አልመቱም፤ አልተሳደቡም። ይልቁንስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሲቲን ቅጽ አዩት። ሲቲ በዚያ ሐሙስ ረድፍ ላይ የሆነውን ሁሉ ዘርዝራ ጽፋ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሕክምናዋ ነው፤ ጥፋቷን እየመዘገብሁ ነቀምቴ እወስዳለሁ።»

ሽማግሌው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። «ስሚ ልጀ» አሉ። «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ‹ተመዝገቡ፣ እህል ይሰጣችኋል› ብለው ሰበሰቡን። እኔ አንዱ ወረቀት ላይ ሰፈርሁ፣ ወንድሜ ሌላው ላይ። በነጋታው በየወረቀታችን መኪና ላይ ጫኑን። እኔን እዚህ አወረዱኝ፤ እሱን የት እንዳወረዱት ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሰውን ይዞ ይሄዳል። የልጅቱን ገመና በእጅሽ ጽፈሽ ለመንግሥት ቤት አትስጭ። ነገ ማን እንደሚያነበው ታውቂያለሽ? ዝም አይነቅዝም።»

ኢልሃም እዚያው ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

ሃሩን ከአባቱ ቃል የሚወጣ ሰው አይደለም። ባለጉዳዮቹ ቀስ በቀስ ሲመለሱ፣ ሐሙስ ሐሙስ ኢልሃም የበቆሎው ጓዳ ውስጥ እንድትቆይ ተወሰነ። «ለክፋት አይደለም፤ ለሁለት ሰዓት ነው» ተባለ። አያ ቢረሳው ራሳቸው ሸንኮራ ገዝተውላታል። በሩን የምትዘጋው ግን ሲቲ ነበረች። መቀርቀሪያዋ ትንሽ የእንጨት ነገር ናት፤ ስትገባ ቋ ትላለች። በመጀመሪያው ሐሙስ ልጅቱ በሩን እየደበደበች «እማ፣ ዝም እላለሁ! ወላሂ ዝም እላለሁ!» ብላ አለቀሰች። ሲቲ ከበሩ ወዲህ ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሰማቻት። በሦስተኛው ሐሙስ ልቅሶው ቀረ። በአምስተኛው ኢልሃም ትራሷን ይዛ፣ ማንም ሳይነግራት፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ገባች።

ሲቲም ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ትታ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቅጹ ላይ ዜሮ ብቻ ጻፈች። ውሸት አይደለም እኮ፤ የተቆለፈባት ልጅ የማንን ወሬ ታቋርጣለች? ራሷን ያታለለችው በዚህ ነበር። ጉዱ የፈላው ዜሮው ከሐሙስ ወደ ዓርብ፣ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ሲዛመት ነው። ኢልሃም ወሬ ተወች። ጥያቄም ተወች። ሰው ሲያወራ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ቤተሰቡ «ሕክምናው ሠራ» አለ፤ ጎረቤትም መሰከረ። እናት ብቻ ማታ ልጇ ተኝታ ሳለ ፊቷን እያየች፣ ያ ሁሉ ወሬ የት ገባ እያለች ትጨነቃለች።

ክሊኒኩ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ ከዲጋ የመጣ ተረፋ የሚባል መምህር ሴት ልጁን ኬኔን ይዞ ተቀምጧል። ይዞ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ልጅቱ አንዴ አግዳሚው ሥር፣ አንዴ መስኮቱ ላይ ናት። ተራ ጠባቂ ናቸው፤ ከነባሮቹ አንዱ ሲጨርስ ነው ቦታ የሚያገኙት።

«አከም ጅርቱ፣ ሃዸ ኢልሃም» ብሎ ሰላም አላት ተረፋ፤ የኢልሃም እናት ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለ፦ «ባለፈው ያየኋት ልጅ ይቺ ናት? ዋቃዮ! ምን ብታደርጊያት ነው እንዲህ የሰከነችው? እባክሽ ለእኔም ንገሪኝ። እኔና እናቷ አልቀናል።»

የሰውዬው ዓይን እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል፤ ከልቡ ነው የሚጠይቃት። እንዲህ አድርግ፣ ጓዳ አስገብተህ ቀርቅርባት ትበለው?

«ትዕግሥት ነው» አለች በመጨረሻ። በሕይወቷ እንደዚያች ቃል ያሳፈራት ነገር የለም።

ፌኔት በሩን ከፍታ በፈገግታ ጠራቻቸው። «ኮቱ፣ ኢልሃም! ነጋዻ?»

«ነጋዻ» ብላ ኢልሃም ሰላምታውን ቀስ ብላ መለሰች። የተሰጣትን ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን መጫወቻዎች አየቻቸው፤ አልነካቻቸውም።

ፌኔት ወረቀቶቹን ዘረጋች። ቁጥሮቹን በትልቅ ወረቀት ላይ በነጥብ እያስቀመጠች በመስመር አያያዘቻቸው። መስመሩ ከላይ ተነሥቶ እየወረደ፣ እየወረደ፣ በመጨረሻ ከወረቀቱ ግርጌ ጋር ተጣብቆ ተዘረጋ። ፌኔት ብዕሯን አስቀምጣ ሁለቱንም በደስታ አየቻቸው።

«ሃዸ ኢልሃም፣ እዚህ ስሠራ እንዲህ ያለ መስመር አይቼ አላውቅም። አስተማርሻት በውነት። ከእንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ የለባችሁም። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አሁን እጽፋለሁ። የእሷን ቦታ ደግሞ ውጭ ላለችው ልጅ እሰጣለሁ።»

ማኅተሙን ከመሳቢያው አወጣች። ከዚያ እንደ ገና ወረቀቱን አየችና ግንባሯ ትንሽ ተቋጠረ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ድሮ ከሁሉ የሚከፋው ሐሙስ ነበር፤ እንግዳ ሲበዛ። ዜሮ የጀመረውም ሐሙስ ነው፤ በአንድ ጊዜ፣ ከሰባት ወደ ዜሮ። እንዴት ሆነ? ያደረጋችሁት ካለ ንገሪኝ፤ ለሌሎች ወላጆች እንድመክርበት ነው።»

ሲቲ ስለ ጓዳው ልትናገር ፈለገች። ወላሂ ፈለገች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ግን በአንድ በኩል ርእሰ መምህሩ፣ በሌላ በኩል አማቷ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያ መቀርቀሪያና የገዛ እጇ ቆመውበታል። እኔ ቆለፍሁባት ብሎ ለመናገር እናት ምን ያህል ጉልበት ይበቃታል?

«እንግዲህ... በትምህርቷ ነው። ገባት መሰለኝ» አለች።

ይህን እንዳለችም ወደ ልጇ ዞረች። ተስፋዋ ሁሉ እሷ ላይ ነበር። ይህች ልጅ እኮ ሽማግሌ በተሰበሰበበት አያቷን ያጋለጠች ናት፤ ውሸት ሰምታ ዝም ማለት በተፈጥሮዋ የለም። በይ ልጀ፣ አለች በሆዷ፤ በይ፣ ይምለጥሽ፣ ተናገሪው፣ አሳፍሪኝ፤ ይቺን አንዲት ቀን እንደ ድሮሽ ሁኚልኝ።

ኢልሃም እጇን አነሣች። ቀስ ብላ የእናቷ ክንድ ላይ አኖረችው። ጠበቀች።

ፌኔት በደስታ እጇን አጨበጨበች። «አየሽ! አየሽ እንዴት እንደምትጠብቅ? በይ የኔ ቆንጆ፣ ተራሽ ነው።»

ኢልሃም እናቷን አየቻት፤ ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ ፌኔት መልሳ እንዲህ አለች፦

«ሐሙስ እንግዳ ሲመጣ አባባ አጠገብ እቀመጣለሁ። ወሬ ሲመጣብኝ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ከዚያ ይጠፋል። አባባ ጎበዝ ይለኛል።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እግሯም አልተወዛወዘም። እንዲያ የተዋጣለት ውሸት ሲቲ ከነጋዴዎች አፍ እንኳ ሰምታ አታውቅም።

ፌኔት ኮከብ ለጠፈችላት፤ የመጨረሻዋ ስለሆነች ትልቋን። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ማኅተሙ ወረደ። «ገለቶሚ፣ ሃዸ ኢልሃም» ብላ ፌኔት እጇን ጨብጣ አመሰገነቻት። «አንቺን የመሰለ እናት ቢበዛልኝ።»

ሲወጡ ተረፋና ኬኔ ተጣድፈው ገቡ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ከውስጥ የልጅቱ ሳቅ፣ የሚወድቅ ዕቃ፣ ማብቂያ የሌለው ጥያቄ ይሰማል። ሲቲ ደብዳቤውን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ገብታ ልትናገር ሁለት ጊዜ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። ሰውዬው ያገኘውን ቦታ ስታስብ፣ ፌኔት የምታያትን አስተያየት ስታስብ፣ ሁለቱንም ጊዜ እጇን መለሰችው። ፈሪ ናት፤ እሷም ታውቀዋለች።

መንገድ ላይ ልጇን ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር አቁማ ተንበረከከችላት።

«ኢልሃም፣ ለምን እንደሱ አልሽ? ለምን የጓዳውን አልነገርሻትም?»

ልጅቱ ግራ ተጋባች። «አንች ወረቀቱ ላይ ዜሮ ጽፈሽ የለ እንዴ? ሌላ ብናገር አንች ዋሾ ትሆኝ ነበር።»

ሲቲ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች። አላፊ አግዳሚው ያያታል፤ ግድ አልሰጣትም። ነገሩ አሁን ወለል ብሎ ታያት። ቤቷ ውስጥ መዋሸት የማይችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሷንም በሰባት ወር አስተምራ ጨረሰቻት። ኢልሃም አጠገቧ ቆማ፣ ሳትቸኩል፣ እናቷ እስክትነሣ ጠበቀች።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ጠዋት ሲቲ ደብዳቤውን ትምህርት ቤት አደረሰች። ርእሰ መምህሩ አንብበው «እንዲህ ያለማ አይቼ አላውቅም!» አሉና የኢልሃምን ስም ሦስተኛ ክፍል መዝገብ ውስጥ አስገቡ። ሃሩን በደስታ በግ ልረድ አለ። አያ ቢረሳው እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉላት።

ከዐስር በኋላ ሽማግሎቹ መምጣት ሲጀምሩ ሲቲ ልጇን ማድ ቤት ጠርታ በጆሮዋ ነገረቻት። «ዛሬ ጓዳ አትገቢም። አባባም ቢቆጣ ይቆጣ። እኔ አጠገብ ቁጭ በይ፤ ያሻሽን ተናገሪ።» ኢልሃም አልመለሰችላትም። ሲቲ አግዳሚ አስተካክላ፣ ውሃ አቅርባ ስትመለስ ልጅቱ የለችም።

የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። ሲቲ ቀረብ ብላ አየች። ኢልሃም በበቆሎው ጆንያዎች መካከል ትራሷ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቶቿን አቅፋለች። በሩን ራሷ ናት ከውስጥ የሳበችው። ሲቲ እጆቿን ወደ መቀርቀሪያው አላነሣችም።

ከጨለማው ውስጥ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ መጣ።

«እማ፣ መቀርቀሪያውን ረሳሽው።»

ሲቲ በሩን ከፍታ ገባች። ከልጇ ጎን፣ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፤ ደረቷ ላይ አቀፈቻት። የሰባት ወር ልቅሶ በአንድ ጊዜ መጣባት፤ ልትይዘው አልቻለችም፤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከግድግዳው ወዲያ አያ ቢረሳው ለባለጉዳዮቹ እውነትን እንዲናገሩ ያስምላሉ።

ኢልሃም ደነገጠች። ፈጥና ትንሿን እጇን የእናቷ አፍ ላይ ጭና በሹክሹክታ «እማ፣ ዝም በይ፤ እንግዳ አለ» አለቻት። እስከ አሥር መቁጠርም ጀመረችላት።